ሻንጣ ሳትፈቱ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡ ፍሬሾች (አዲስ ተማሪዎች) የመጀመሪያው ሳምንት የዶርም መመሪያ

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። የአክስቴ ልጅ ይደውላል፣ የሰፈር ልጅ ይጽፋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ የማላውቃቸው እናት «ልጄን ጎንደር ደርሷታል፣ ምን ላስይዛት?» ይሉኛል። ሁሌም ያንኑ መልስ ስደጋግም ሰለቸኝና አንዴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት ዶርም ኖሬያለሁ። ከታች ያለው ከዚያ የቀረልኝ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የሚከብደው ሥራው ስለበዛ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ስለሚገለበጥ ነው። ሰው እንደገባ ሻንጣውን አልጋው ላይ ይዘረግፋል፣ ማታ አልጋው ምን እንዳለበት ያውቃል፣ በማግስቱ ቁልፍ ፍለጋ ይወጣል፣ ከሰዓት ውሃ ይሄድበታል። እናንተ በተራው ሂዱ።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች

ከቤት ይዛችሁ የምትመጡት፦

- የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት። ዋናውም ኮፒውም። 3×4 ጉርድ ፎቶ ቢያንስ ስምንት (አራት ቢባልም ሌላ ቦታ መጠየቁ አይቀርም)። የፋይዳ መታወቂያ ካላችሁ እሱንም። ከዚህ ውጪ የጥሪ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ እሱን ስሙ እንጂ እኔን አትስሙ።
- ሁለት አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ እና ጋቢ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ቀን ፀሐዩን አይታችሁ አትሸወዱ፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ከቆላ የምትመጡ ልጆች ጋቢውን «ያረጀ ነገር» ብላችሁ ጥላችሁት እንዳትመጡ።
- ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ። ለምን ሁለት እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ አለ።
- ኮዳ፣ ትንሽ ፔርሙዝ፣ የእጅ ባትሪ፣ ነጠላ ጫማ፣ ለካፌ የሚሆን ማንኪያ።
- በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። በፌስታል ሳይሆን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ። ፌስታል አይጥን አያቆማትም።
- የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ቢያንስ የአንድ ወር። ሴቶች ሞዴስ የሁለት ወር ያዙ፤ በምዝገባ ሰሞን ግቢ አካባቢ ያሉ ሱቆች ዋጋ ይጨምራሉ።

እዚሁ የምትገዙት ደግሞ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን፣ የልብስ ገመድ፣ ሳሙና እና ኦሞ ነው። ይህን ከአገር ቤት ተሸክሞ መምጣት አያስፈልግም። ፒያሳ፣ አራዳ ወይም ቅዳሜ ገበያ ይገኛል፣ ቅዳሜ ገበያ ይረክሳል። ባልዲና ጀሪካን ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ብር አዋጥታችሁ ብትገዙ ይሻላል፤ ስድስት ሰው ስድስት ባልዲ ይዞ ሲመጣ መራመጃ ቦታ ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ የካምፓሳችሁን ስም አውቃችሁ፣ በቀን ግቡ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። ማራኪ አለ፣ ቴዎድሮስ አለ፣ ፋሲል አለ፣ ጤና ሳይንስ ራሱን ችሎ አለ፣ ጠዳ ከከተማው ወጣ ብሎ አለ። መናኸሪያ ወርዳችሁ ባጃጁን «ዩኒቨርሲቲ» ካላችሁት «የትኛው?» ይላችኋል። ዝም ካላችሁ ደግሞ አዲስ መሆናችሁ ይገባዋል፣ ሒሳቡም እንደዚያው ይሆናል። የካምፓሱን ስም ጥሩ፣ ሳትሳፈሩ ተስማሙ፣ ኮንትራት ይሁን በሰው ለዩ። በአውሮፕላን የምትመጡ አዘዞ ነው የምታርፉት፣ ከዚያ ወደ ከተማ የተወሰነ መንገድ አለ።

በቀን ግቡ የምለው ለደኅንነት ብቻ አይደለም። ማታ ከገባችሁ አልጋውን በደንብ ማየት አትችሉም፣ ፕሮክተርም (የዶርሙ ኃላፊ) ላታገኙ ትችላላችሁ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገድ ላይ ማደር ካለባችሁ እደሩና ጠዋት ግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በር ላይ «ሲኒየር ነኝ፣ ጥሩ ዶርም አስወጣላችኋለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ አመስግናችሁ እለፉ። ሻንጣ የሚያግዛችሁ እውነተኛ ሲኒየር ብር አይጠይቅም።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ምዝገባ፣ ከዚያ ዶርም፣ ስትፈርሙ ደግሞ እያያችሁ

ወረቀቶቻችሁ ከላይ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ሰልፍ መሀል ላይ ሻንጣ ከፍቶ ከበሶው ሥር ትራንስክሪፕት መፈለግ አይታችሁ ባታውቁ አሁን ታያላችሁ።

ብሎክና የክፍል ቁጥራችሁን ካገኛችሁ በኋላ ፕሮክተሩ ፍራሽ፣ ሎከር ወይም ቁልፍ ሊያስፈርማችሁ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ዕቃውን እዩ። የሎከሩ በር ተገንጥሏል? መስኮቱ መስታወት የለውም? ያኔውኑ ተናገሩ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱ። ምክንያቱም ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ (ዕቃ ማስረከቢያ ቅጽ) ትሞላላችሁ፣ ያኔ የጎደለው ነገር የሚጠየቀው ከፈረመው ሰው ነው። ማን እንደሰበረው የሚያስታውስ አይኖርም።

ደረጃ 3፦ አልጋውን መርምሩ (ሻንጣው ገና እንደተዘጋ ነው)

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነውና።

ሻንጣችሁን መሬት ላይ እንኳ አታድርጉት፤ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ካለ እዚያ ላይ ይቀመጥ። ባትሪውን አውጡ። ፍራሹን አንሡና ስፌቱን ዙሪያውን እዩ፣ ከዚያ የአልጋውን ብረት መገጣጠሚያ፣ የብሎኑን ቀዳዳ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ። የምትፈልጉት ትኋን ነው። ትልቁ የምስር ክክ ያህላል፣ ጠፍጣፋና ቡናማ። እሱን ባታዩም ምልክቱን ታያላችሁ፦ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተገፈፈ ቅርፊት፣ አንሶላ ላይ ትንሽ የደም ጠብታ።

ከተገኘ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ለፕሮክተሩ አሳውቁ። ርጭት ካለ በእነሱ በኩል ይሁን።

ለ. ፍራሹን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ስፌቱን በብሩሽ እየጠረጋችሁ። ፀሐይ ብቻውን አይጨርሰውም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ይሸሻል። ስለዚህ አገላብጡት።

ሐ. ከላውንጅ በፔርሙዝ የፈላ ውሃ ለምኑና የብረቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ትኋንንም እንቁላሉንም የሚገድለው ሙቀት ነው። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ሳይሆን የተሸፈነ ጫማ አድርጋችሁ፤ ውሃው እግር ላይ ይወርዳል።

መ. አልጋውን ከግድግዳ በአንድ ጫማ ያህል አርቁ፣ ብርድ ልብሱም መሬት አይንካ። አይበርም፣ አይዘልም፣ መውጫ መንገድ ካጣ አልጋችሁ ላይ መድረስ ይከብደዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የእርሻ ፀረ ተባይ ከገበያ ገዝታችሁ ፍራሽ ላይ እንዳትረጩ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ እናንተው ናችሁ የምትስቡት። ናፍጣና ቤንዚንም እንዲሁ፣ እሱ ደግሞ እሳት አለበት።

እኔ ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። አንደኛ ዓመት ስገባ መንገድ ላይ አንድ አልጋ ቤት አድሬ ነበር። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ገፍቼ ተኛሁ። ግቢ ደርሼ ዶርሙ ንጹሕ ነው ብዬ ልብሴን ዘረገፍኩ። በሦስተኛው ቀን ከበላዬ የሚተኛው ልጅ ክንዱን እያከከ «ይህ ነገር ድሮ አልነበረም» አለ። ፈልገን ፈልገን ያገኘነው የእኔ ሻንጣ ዚፕ ሥር ነው፣ ተሰልፈው። ስለዚህ የራሳችሁንም ሻንጣ ስፌት አብራችሁ እዩ። ስታድሩ ደግሞ ሻንጣችሁን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ላይ ነው ወይስ ታች? ሁሉም ታች ይፈልጋል። ታች ስትሆኑ የመጣው ሁሉ አልጋችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ምሳውንም እዚያው ይበላል። ላይ ስትሆኑ መብራቱ ፊታችሁ ላይ ነው፣ ግን የሚነካችሁ የለም። ሌሊት ቶሎ ቶሎ የምትነሡ ከሆነ ታች፣ ካልሆነ ላይ ይሻላል ባይ ነኝ።

ደረጃ 4፦ ሎከራችሁን ቆልፉ

አሁን ሻንጣ መፍታት ትችላላችሁ። ሎከሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ዕቃ አስገቡ፣ ቆልፉ።

ጓጉንቸር ስትገዙ ያለ ቁልፍ የማይዘጋውን ዓይነት ፈልጉ። እኔ ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ የሚዘጋውን ገዛሁ። ሁለተኛው ቀን ቁልፉ ሎከሩ ውስጥ፣ ሚል ካርዱ (ካፌ የሚበላበት ካርድ) ውስጥ፣ እኔ ውጪ። መጋዝ ተበድሬ ስቆርጥ ፕሮክተሩ መጥቶ ሎከሩ የራሴ መሆኑን አስረዳ አለኝ፣ መታወቂያዬም ውስጥ ነው። ምሳው አለፈ። ያለ ቁልፍ በማይዘጋው ጓጉንቸር እንዲህ ያለ ነገር ሊፈጠር አይችልም።

ትርፍ ቁልፉን ለምታምኑት፣ ሌላ ዶርም ለሚኖር ሰው ስጡ። ሁለተኛው ጓጉንቸር ለሻንጣው ነው፤ ዋናዎቹ የትምህርት ማስረጃዎች ሎከር ውስጥ ባለ የተቆለፈ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ። ስልክ ቻርጅ ላይ ትታችሁ ሻወር አትሂዱ። አብዛኛው ስልክ የሚጠፋው በር ተከፍቶ «አሁን እመጣለሁ» በተባለባት አምስት ደቂቃ ነው።

ደረጃ 5፦ ውሃ

ቧንቧው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ከሲኒየሮች ጠይቁ። ከየትኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ያውቁታል። ሲመጣ ጀሪካኑን ሙሉ፣ ባይፈለግም። ሲጠፋ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚሰለፈው።

የሚጠጣውን ለዩ። የተቀመጠ ውሃ ሳይታከም አትጠጡ፤ የመጀመሪያው ወር አሜባና ታይፎይድ ብዙ ፍሬሽ ይጥላል። ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የሚባለው የውሃ ማከሚያ ከፋርማሲ ወይም ከሱቅ ይገኛል። ልኩንም አሠራሩንም እሽጉ ላይ ባለው መሠረት አድርጉ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጨምረው ወዲያው የሚጠጡ አሉ፤ ክሎሪኑ ተህዋሱን ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት።

መጠጫና መታጠቢያ ጀሪካኖችን ምልክት አድርጉባቸው። አንድ ገመድ ማሰር ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ካፌ

ሚል ካርዳችሁን እንደ ብር ያዙት። የካፌውን ሰዓት የመጀመሪያው ቀን ጻፉ፤ ካለፈ አለፈ። ሰልፉ የሚረዝመው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከተከፈተ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ብትሄዱ ይቀላል። በጣም ከዘገያችሁ ግን ወጡ ይቀጥናል።

ነን ካፌ ልሁን (የግቢውን ካፌ ትቼ ውጪ ልብላ) ወይስ ካፌ ልብላ የሚለውን በመጀመሪያው ቀን አትወስኑ። ለአንድ ሁለት ቀን ብሉበት፣ ውጪ ምሳ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ በወር አባዙት። ነገር ግን ፎርሙ መቼ እንደሚዘጋ ተማሪዎች አገልግሎት ሄዳችሁ እወቁ፤ ካለፈ በኋላ መለወጥ ጣጣ ነው። የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውሉም ላይ የምግብና የመኝታ ወጪ ስለሚገባ ስትፈርሙ የመረጣችሁት መሆኑን አንብቡ።

በሶው ለዚህ ነው፦ ካፌ ሲያመልጣችሁ አንድ ብርጭቆ በሶ በስኳር በጥብጦ መጠጣት እስከ ማታ ያቆያል።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛው ማታ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

አንደኛው ማታ ሁሉም ደክሟል፣ የገባውም ገና ግማሹ ነው። በሁለተኛው ማታ ቆሎ አውጡ። ቆሎ መሀል ላይ ሲቀመጥ ሰው ይሰበሰባል፣ የማይናገረውም ይናገራል። ከጅማ፣ ከወላይታ፣ ከጅግጅጋ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ ክፍል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አማርኛ እምብዛም የማይቀለው ካለ ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ አትሳቁበት። የመጀመሪያው ሳምንት የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዝም ይላል።

እነዚህን ብቻ ተስማሙ፦

- መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል? ከዚያ በኋላ የሚያነብ ስፔስ (የማንበቢያ ክፍል) ይሂድ ወይስ በእጅ ባትሪ?
- ስልክ ያለ ኢርፎን አይከፈትም። ይህን ካልተስማማችሁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።
- መጥረግ በተራ፣ ስሙ ተጽፎ በሩ ጀርባ ይለጠፍ።
- የመጨረሻ የወጣ ይቆልፋል። «የሚመጣ አለ ብዬ» የሚባል ምክንያት የለም።
- ሌሊት የሚጸልይ፣ ለሱብሂ የሚነሣ፣ ለኪዳን የሚወጣ ካለ አላርሙን ትራሱ ሥር ያድርግ፣ ሌላውም አያጉረምርም።

ለምን በሁለተኛው ማታ? አሁን ሕጉ የማንም ስም የለበትም። ከወር በኋላ «ስልክህን ቀንስ» ስትሉት ግን ስለ እሱ ነው የምታወሩት፣ ኩርፊያው ከዚያ ይጀምራል። ብድርም በዚህ ሳምንት አታስለምዱ። «ለባልዲ ላዋጣ» ሌላ ነው፣ «እስከ ሰኞ 500 ብር» ሌላ ነው።

ደረጃ 8፦ ኤሌክትሪክ

ዶርም ውስጥ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ አትሰኩ። ክልክል ስለሆነ ብቻ አይደለም። 2,000 ዋት የሚል ምድጃ 220 ቮልት ላይ 9 አምፒር አካባቢ ይስባል። ያንን በቀጭን ዲቫይደር ላይ፣ አምስት ቻርጀር ከተሰካበት ጋር ስታደርጉት ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ብርድ ልብስ ነው። ዲቫይደሩን በእጃችሁ ንኩት፤ ከሞቀ ንቀሉ። ሻይ ካማራችሁ ፔርሙዙ አለ።

ደረጃ 9፦ ሳይቸግራችሁ ዞር ዞር በሉ

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ክሊኒኩን፣ ላይብረሪውን፣ ሬጅስትራሩን፣ የፕሮክተሩን ቢሮ በእግራችሁ ፈልጉ። ሌሊት 8 ሰዓት ጓደኛችሁን ሲያስመልሰው ክሊኒክ በየት ነው ብሎ መጠየቅ አይመችም። ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣችሁ ትኩሳት ከጀመራችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ክሊኒክ ሂዱና ከየት እንደመጣችሁ ንገሯቸው፣ ወባ እንዲያዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

ዋናውን ትራንስክሪፕት ለኮፒ ቤት ሰጥቶ መርሳት። በየዓመቱ አለ።

ያመጡትን ብር በሙሉ ኪስ መያዝ። የሁለት ቀን ብቻ ያዙ፣ ሌላው ስልካችሁ ላይ ይሁን፣ የይለፍ ቁጥሩን ለማንም አትንገሩ።

እርጥብ ልብስ ዶርም ውስጥ ማስጣት። ክፍሉ ይሸታል፣ ግድግዳው ይሻግታል። ውጪ አስጡ፣ ግን አጠገቡ ሆናችሁ አንብቡ፤ ጂንስ እግር አለው።

ሰኞ ገብቶ ረቡዕ «አልቻልኩም፣ ልመለስ» ብሎ ቤት መደወል። ናፍቆቱ ያለ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይከፋል። ደውሉ፣ ግን ከበላችሁ በኋላ ደውሉ። በባዶ ሆድ የተደወለ ስልክ እናትን ያስለቅሳል።

አንድ የሚረሳ ነገር ቀረ። የትኋን እንቁላል እስኪፈለፈል ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ መጀመሪያ ቀን ያልታየው ያኔ ነው የሚታየው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ለ10ኛው ቀን ማስታወሻ ሙሉ፣ ፍራሹን ገልብጡ፣ ስፌቱን በባትሪ እዩ፣ የሻንጣውን ዚፕም እንዲሁ።